መያዝ ብቻውን መለካት አይደለም

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ወጣት ተመራማሪዎች፤

አዘጋጆቹ ጉባኤውን እንድከፍት ሲጋብዙኝ ስለ ብርሃን ወረንጦ፣ ማለትም ጥቃቅን ቅንጣቶችን በሌዘር ጨረር ወጥመድ ውስጥ ስለሚይዘው መሣሪያ፣ ታሪክና ተስፋ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። አክብሬ በታሪኩ እጀምራለሁ። እስከ መጨረሻው እንደማልዘልቅበት ግን የምታውቁኝ ሁሉ ታውቃላችሁ።

ብርሃን እንደሚገፋ ማሰብ የጀመርነው ትናንት አይደለም። ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1619 የጅራታም ኮከብ ጅራት ከፀሐይ የሚሸሸው በብርሃኗ ምክንያት ነው ብሎ ነበር። ማክስዌል ነገሩን በቀመር አስቀመጠው፤ ሌቤዴቭ ደግሞ በ1901 ሞስኮ ላይ በመሣሪያ ለካው። ጉልበቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ዋት ብርሃን ሙሉ በሙሉ ቢመጠጥ የሚያሳርፈው ግፊት 3.3 ናኖኒውተን ገደማ ነው። ለእኛ ከምንም አይቆጠርም፤ ስፋቷ አንድ ማይክሮሜትር ለሆነች የፕላስቲክ ኳስ ግን ማዕበል ነው።

አርተር አሽኪን በቤል ቤተ ሙከራ በ1970 ያሳየው ይህንኑ ነበር። ውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ኳሶች በሌዘር እየተገፉ ወደ ፊት ሲሄዱ፣ እግረ መንገዳቸውን ወደ ጨረሩ መሃል ሲሳቡም አየ። በ1986 ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጨረር በጠንካራ ሌንስ አጥብቦ 25 ናኖሜትር ገደማ እስከሚደርሱ ቅንጣቶች ድረስ አንቆ መያዝ ቻለ። ኖቤል ሲሸለም 2018 ነበር፤ ዕድሜው 96።

ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ የምወደው ሌላውን ታሪክ ነው። አሽኪንና ባልደረባው ጄድዚክ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን ለመያዝ ሲሠሩ ናሙናው ለቀናት ቆየባቸው። ከዚያም ወጥመዱ ውስጥ እንግዳ ነገሮች መታየት ጀመሩ። ከቫይረሱ እጅግ የሚተልቁ፣ በየጊዜው ቁጥራቸው የሚጨምር፣ ከሁሉም በላይ በራሳቸው የሚዋኙ ነበሩ። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ከመካከላችን ናሙናው ተበላሸ ብሎ ከነዕቃው የማይደፋው ስንቱ ነው? እነርሱ ግን አልደፉትም። ተመለከቱ፤ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። አረንጓዴው ሌዘር ሲበረታባቸው ይሞቱ ስለነበር ወደ 1064 ናኖሜትር፣ ወደ ታህታይ ቀይ ብርሃን፣ ተዛወሩ። ያን ጊዜ ባክቴሪያዎቹ ወጥመዱ ውስጥ ታስረው እንኳን መከፋፈላቸውን ቀጠሉ። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ወደ እኛ ሙያ የጎረፉት በዚህ በር ነው፤ የተበላሸ ከተባለ ናሙና!

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

እኛ ዛሬ በየቀኑ የምንደፋው ናሙና አለ፤ የቅንጣቷን መንቀጥቀጥ። ወጥመድ ውስጥ ያለች ኳስ አንድም ቅጽበት አትረጋም። የውሃው ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ሲደበድቧት ትዋዥቃለች። እኛም «ሁከት» እንለውና በማጣሪያ አሽተን፣ አለስልሰን፣ ያማረ መስመር አድርገን እናቀርበዋለን። ጎበዝ፤ ያ ሁከት እኮ መለኪያችን ነው! በክፍል ሙቀት የሙቀት ጉልበት 4.1 ፒኮኒውተን ሲባዛ በናኖሜትር ነው። ኳሷ የምትዋዥቅበትን ስፋት ካወቅሁ፣ ይህንን ቁጥር በስፋቱ ካሬ አካፍዬ የወጥመዱን ግትርነት፣ ማለትም ኳሷ ከመሃል ስትርቅ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚመልሳት፣ አገኛለሁ። ውድ መሣሪያ አያስፈልገኝም። ተፈጥሮ መለኪያውን በነጻ ሰጥታናለች፤ እኛ ግን በማጣሪያ እንጥለዋለን።

ምሳሌ ላምጣ። ግትርነቱ ለእያንዳንዱ ናኖሜትር 0.05 ፒኮኒውተን የሆነ ወጥመድ ውስጥ አንድ ማይክሮሜትር ስፋት ያላት ኳስ አለች እንበል። በአማካይ 9 ናኖሜትር ገደማ ትዋዥቃለች፤ ከመሃል ርቃ የምትመለስበት ጊዜም ከአንድ ሚሊሰከንድ አምስተኛ ያንሳል። አሁን በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሳ ካሜራ፣ መዝጊያውን በሙሉ ክፍት ትተን እንቅረጻት። እያንዳንዱ ምስል በ33 ሚሊሰከንድ ውስጥ የሆነውን መዋዠቅ ሁሉ አደባልቆ ያስቀምጠዋል። ኳሷ ጨዋ ሆና ቀጥ ብላ የቆመች ትመስላለች። ስሌቱን ሥሩት፤ ወጥመዱ ከእውነተኛው መቶ እጥፍ ያህል የጠነከረ ሆኖ ይወጣል! አሥር በመቶ አላልኩም፤ መቶ እጥፍ ነው ያልኩት። በዚህ ወጥመድ የኪኔሲንን ጉልበት ለካሁ የሚል ሰው ቢመጣ ምን እንበለው? ኪኔሲን በሕዋስ ውስጥ ጭነት የሚያጓጉዝ ፕሮቲን ነው፤ 8 ናኖሜትር እየተራመደ፣ 6 ፒኮኒውተን አካባቢ ሲጎትቱት የሚቆም ሞተር ነው። በዚያ ስሌት ግን የጭነት መኪና ይሆናል።

አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር ልናገር፤ ስም አልጠራም። ለአንድ መጽሔት ጽሑፍ ልከን ነበር። አርታኢው የካሊብሬሽኑ፣ ማለትም መለኪያችንን እንዴት እንዳስተካከልን የሚያስረዳው፣ ክፍል አንባቢን ስለሚያሰለች እንድናወጣው ጠየቀን፤ ቢበዛ ከተጨማሪ ሰነዱ መጨረሻ እንድንወረውረው። ባለቀለሙ ሥዕል ግን እንዲተልቅለት ፈልጎ ነበር። እንግዲህ ይህ ነው በሽታችን! ቁጥሩን የሚያቆመውን ምሰሶ ነቅለን ቀለሙን እናደምቃለን። ከዚያም ውጤቱን ሌላ ቤተ ሙከራ መድገም ሲያቅተው ኮሚቴ አቋቁመን ምክንያቱን እናጠናለን። ኮሚቴ አያስፈልግም፤ የተቆረጠውን ገጽ መልሱልን!

«ትንሿን ቅንጣት ማን ያዘ» የሚለው እሽቅድምድምም እዚህ ላይ ይመጣል። የመያዣው ኃይል ከቅንጣቷ ሬዲየስ ኩብ ጋር ስለሚወርድ አሥር ጊዜ ያነሰች ቅንጣት በሺህ እጥፍ በደከመ ኃይል ነው የምትያዘው። የምትበትነው ብርሃን ደግሞ ሬዲየሱ ስድስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው መጠን ይወርዳል፤ አሥር ጊዜ ስታንስ ብርሃኗ ሚሊዮን ጊዜ ይደበዝዛል። ከመያዝ ይልቅ ማየቱ ይከብዳል ማለት ነው። ስለዚህም ነው የተበተነውን ብርሃን ካልተበተነው ጋር አጋጭተን በአራት በተከፈለ የብርሃን መቀበያ የምናነበው። ይህ ቴክኒክ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የመቀበያው ቮልት ስንት ናኖሜትር እንደሆነ ያልነገረኝ ሰው ቅንጣቷን ያዘ እንጂ አልለካትም።

ናሙናው ካረፈበት መስታወት ያለው ርቀትም ይነገር። የኳሷ መሃል ከመስታወቱ በአንድ ዲያሜትር ርቀት ላይ ሲሆን የውሃው መጎተት ከሲሶ በላይ ይጨምራል። ሌዘሩ ውሃውን ሲያሞቀው ደግሞ እያንዳንዱ ዲግሪ የውሃውን ዝልግልግነት ሁለት በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል።

አየር በሌለበት ባዶ ቦታ ስለሚንሳፈፉት ቅንጣቶች ከሰዓት በኋላ የሚናገሩ አሉ፤ በ2020 ቪየና ላይ አንዲት የብርጭቆ ቅንጣት ወደ ዝቅተኛው የኳንተም እንቅስቃሴ ደረጃ መውረዷን እነርሱ ያብራሩላችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ እነዚያ ሰዎች እዚያ የደረሱት የቅንጣቷን መንቀጥቀጥ ንቀው ሳይሆን እያንዳንዷን ንዝረት ቆጥረው ነው።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጉባኤ የኃይል ቁጥር የሚያቀርብ ሁሉ የመዝጊያውን ጊዜ፣ የናሙናውን ሙቀትና ከመስታወቱ ያለውን ርቀት አብሮ እንዲያሳይ ለመድረክ መሪዎቹ ጥያቄ አቅርቤያለሁ፤ ተቀብለውታል። የመጀመሪያው አቅራቢ ወደ መድረኩ እየመጣ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ስላይዱ ላይ ከሌሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

አመሰግናለሁ።