የጨዋታ መሪው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?

ሐያት፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቻችን። ዛሬ ከደሴ የምናቀርብላችሁ ውይይት በጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕርይ ተላብሰው በሚጫወቱት ጨዋታ፣ በሮልፕሌይንግ ጌም፣ የጨዋታ መሪው በተጫዋቾቹ ላይ ምን ያህል ሥልጣን ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። ለአዳዲስ አድማጮች ባጭሩ ለማስረዳት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሰው ሚና ይይዛል፤ መሪው ደግሞ የቀረውን ሁሉ፣ መንገዱን፣ ሽፍታውን፣ ዝናቡን፣ በየማደሪያው የሚያገኟቸውን ሰዎች ይይዛል፤ አጠራጣሪው ነገር በዳይስ ይለያል። ሰይድ፣ የመጨረሻው ቃል የመሪው ነው ትላለህ?

ሰይድ፦ በሁሉም ነገር ላይ አይደለም። ምክንያቴን ለማስረዳት ግን ሥልጣኑ ከየት እንደ መጣ ማየት ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ባወጣው የጦርነት ጨዋታ፣ ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጡ ነበር፤ ዳኛውም ዳይስና ሰንጠረዥ እያመሳከረ ውጤቱን ይነግራቸው ነበር። ሕጉ እየበዛ ጨዋታውን ስላከበደው፣ በ1876 ፈርዲ ዱ ቬርኑዋ ዳኛው በልምዱና በማስተዋሉ ይፍረድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ያ ዳኛ ይህን ያህል ሊታመን የቻለው ከሁለቱም ወገን ስላልነበረ ነው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የሮልፕሌይንግ ጨዋታ ሲያሳትሙ ግን የዳኛውን ወንበር የያዘው ሰው ጠላቱንም የሚያንቀሳቅስ፣ ዓለሙንም የሚፈጥር ሆነ። የጭቅጭቁ ሁሉ ምንጭ ይህ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው ባላጋራም ፈራጅም ሆኖ ተቀምጧል።

ሐያት፦ ይሁን እንጂ ፈራጅ ከሌለ ጨዋታው አይራመድም። አምስት ሰው በእያንዳንዱ ነገር ላይ ከተከራከረ ማምሻው በክርክር ያልቃል።

ሰይድ፦ ልክ ነሽ፤ ፍርዱን አልጠላም፤ የምጠላው የተሰጠ ዕድል ሲነጠቅ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ ዳገት የሚወጡ የሲራራ ነጋዴዎችን ታሪክ ስንጫወት ያየሁትን ልንገርሽ። ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፤ የበቅሎ ነጂውን ሚና የያዘው ተጫዋች ጭነቱን አውርዶ፣ ጆንያውን አንድ በአንድ በእጅ አሻግሮ፣ በቅሎዋን ባዶዋን እንደሚስባት ተናገረ። መሪው ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ እንዲጥል አዘዘው፤ አሥራ ስምንት ወጣ። ጠረጴዛው ሁሉ ተደሰተ። መሪው ግን ጭነቱ ገደል እንዲገባና ሽፍቶች እጅ እንዲወድቅ አስቀድሞ አስቦ ስለ ነበር፣ «ቢሆንም በቅሎዋ ስትደነብር ጆንያዎቹን ገፍታ ጣለቻቸው» አለ። ታዲያ ልጁ ዳይሱን የጣለው ለምን ነበር? ከዚያ በኋላ ማንም ብልሃት ለመፈለግ አልደከመም፤ ሁሉም መሪው ምን እንዳሰበ መጠበቅ ጀመረ።

ሐያት፦ ያ መሪ ስንት ምሽት እንደ ተዘጋጀም አስብ።

ሰይድ፦ ዝግጅቱን አከብራለሁ። ሆኖም የሚዘጋጀው ችግሩ እንጂ መፍትሔው መሆን የለበትም። ገደሉ፣ ጉሙና ሽፍቶቹ የመሪው ናቸው፤ ነጋዴው ምን እንደሚሞክር መወሰን የተጫዋቹ ነው። እንዲሁም መሪው «ፈርተህ ሸሸህ» ሊል አይገባውም፤ የሚያስፈራውን ነገር ይናገር፤ ፍርሃቱን ለባለቤቱ ይተውለት።

ሐያት፦ ድንበሩ ለተጫዋቹም ይሠራል። «ሽፍታውን ገደልኩት» ብሎ የሚደመድም ተጫዋች የመሪውን ድርሻ ወስዷል፤ ሊል የሚገባው «ልመታው እሞክራለሁ» ነው። ሌላው ነገር ደግሞ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ በዚያው ሰዓት ባይከራከሩ ይሻላል። በእኛ በወሎ አበጋር፣ ማለትም የተጣላ የሚያስታርቀው ሽማግሌ፣ የሚሰማው ሁለቱም ወገኖች ተቀብለውት ስለ ተቀመጡ ነው፤ ሁለቱንም ሳይሰማ አይናገርም፤ ከተናገረ በኋላ ግን ቃሉ ይከበራል። የጨዋታ መሪንም እንዲሁ አየዋለሁ፤ ቅሬታ ካለ ጨዋታው ሲያበቃ ይነሣ።

ሰይድ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ መሪው ራሱን የሚያስርበት ሕግ ግን ያስፈልገዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የወጣው የቪንሰንት ቤከር ጨዋታ፣ አፖካሊፕስ ወርልድ፣ ይህን በግልጽ አድርጎታል። መሪው ዳይስ አይጥልም፤ ተጫዋቹ ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ጥሎ ከገጸ ባሕርይው የችሎታ ነጥብ ጋር ሲደምር አሥርና ከዚያ በላይ ካመጣ ይሳካለታል፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ካመጣ በዋጋ ይሳካለታል፣ ስድስትና ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ ወደ መሪው እጅ ይገባል። ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ የተባለው ጨዋታ ደግሞ መሪው ሁኔታው ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነና ቢሳካ ምን ያህል እንደሚያስገኝ ዳይሱ ሳይወድቅ በፊት እንዲናገር ያስገድደዋል። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ በሐረጎው ታሪክ መሪው «ከስምንት በታች ካመጣህ ግማሹ ጭነት ይጠፋል» ብሎ ቢጀምር ኖሮ ማንም አያዝንም ነበር። እንደ ፊያስኮ ያሉ መሪ የሌላቸው ጨዋታዎችም አሉ፤ ለአንድ ማምሻ ጥሩ ናቸው።

ሐያት፦ መሪው ዳይሱን ተጫዋቾቹ እንዳያዩት በመከለያ ጀርባ ስለ መጣሉስ? አንዲት አዲስ ተጫዋች ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ገጸ ባሕርይዋ በአንድ ክፉ ዳይስ ሊሞትባት ሲል፣ ለጠላቷ የወጣውን ቁጥር በጥቂቱ የሚቀንስላትን መሪ ልወቅሰው አልችልም።

ሰይድ፦ ርኅራኄው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሞቱ የማይፈለግ ከሆነ ዳይሱ መጣል አልነበረበትም፤ ሽፍታው ቆስላ እንድትማረክ ቢያደርጋት ታሪኩ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ቁጥሩ መቀየሩ የታወቀ እንደ ሆነ፣ በኋላ በእውነተኛ ዕድል የምታገኘው ድልም ይጠረጠራል።

ሐያት፦ ለውጊያ ይሁን፤ በግልጽ ይጣል። ነገር ግን ተጫዋቹ በጉሙ ውስጥ የተደበቀ ሰው መኖሩን ሲያዳምጥ፣ የወጣውን ቁጥር ካየ አንዳች ነገር እንዳለፈው ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ዳይስ በስውር መጣሌን አልተውም።

ሰይድ፦ ያን እቀበላለሁ፤ ዳይሱ ግን በጽዋ ሥር እንደ ተከደነ በጠረጴዛው መሐል ይቆይ፤ ምሥጢሩ ሲወጣ ጽዋውን የሚያነሣው ተጫዋቹ ይሁን።