ጆሴፊን ኮክሬን፦ ለቤት ያሰበችው ማሽን ሆቴል ገባ

ሳህን የሚያጥብ ማሽን ለመሥራት ጆሴፊን ኮክሬን የመጀመሪያዋ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1850 ጆኤል ሆውተን የተባለ አሜሪካዊ በእጅ የሚዞር የእንጨት መሣሪያ ሠርቶ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። መሣሪያው ሳህኖቹ ላይ ውኃ ይረጫል፤ በወጉ ግን አያጸዳም። ሥራ ላይ የዋለና ገበያ ያገኘ ማሽን የወጣው ከእርሷ እጅ ነው።

ጆሴፊን የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1839 በኦሃዮ ነው። አባቷ መሐንዲስ ቢሆንም እርሷ የምሕንድስና ትምህርት አልነበራትም። በ19 ዓመቷ ዊልያም ኮክራን የተባለ ነጋዴ አግብታ ኢሊኖይ ውስጥ በምትገኘው ሼልቢቪል ትኖር ጀመር። እንግዳ በሚበዛበት በዚያ ቤት፣ የምትሳሳላቸው የሸክላ ሳህኖች በታጠቡ ቁጥር ጠርዛቸው ይሸረፋል። ሳህኑን ሳይጎዳ የሚያጥብ ማሽን ፈለገች፤ ስላጣች ራሷ ለመሥራት ተነሣች።

እ.ኤ.አ. በ1883 ባሏ ሞተ። የተረፋት ጥቂት ገንዘብና ብዙ ዕዳ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ የኑሮ ጉዳይ ሆነባት።

(ምስል፦ የማሽኑ ንድፍ፣ ከላይ ሲታይ)

አሠራሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጆሴፊን መጀመሪያ ያደረገችው ሳህኖቿን፣ ስኒዎቿንና የስኒ ማስቀመጫዎቿን መለካት ነው። ለእያንዳንዳቸው በልካቸው የሽቦ ክፍል አበጀች። ክፍሎቹ በጠፍጣፋ መንኮራኩር ዙሪያ ይደረደራሉ፤ መንኮራኩሩ ደግሞ በመዳብ ገንዳ ውስጥ ይተኛል። መንኮራኩሩ ሲዞር የሞቀ የሳሙና ውኃ ከታች በኃይል እየተገፋ ሳህኖቹን ይመታቸዋል። ብሩሽ የለም፣ የሚፈትግ ነገር የለም፤ እድፉን የሚያስለቅቀው የውኃው ግፊት ብቻ ነው። ሳህኑ በቦታው ተይዞ ስለሚቆይ ከሌላው ጋር አይጋጭም። እኔ ትልቁ ብልሃቷ ይህ ነው እላለሁ፤ ዛሬም እነዚህ ማሽኖች የሚሠሩት ሳህኑን በሽቦ መደርደሪያ ይዘው ውኃ በግፊት በመርጨት ነው።

ከቤቷ ጀርባ ባለ መጠለያ ውስጥ ጆርጅ በተርስ ከተባለ መካኒክ ጋር ሠርታ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1886 የፈጠራ መብቷን በቁጥር 355,139 አስመዘገበች። ከወንድ ባለሙያዎች ጋር መሥራቱ ግን ቀላል አልነበረም። እነርሱ በራሳቸው መንገድ ሞክረው ካልተሳካላቸው በቀር የእርሷን አሳብ እንደማይቀበሉ ቆይታ ተናግራለች።

ገዢ ፍለጋ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቿ አንዱ የቺካጎው ፓልመር ሃውስ ሆቴል ነው። ከዚያ ወደ ሸርማን ሃውስ ሆቴል ሄደች። ያለ ባሏ ወይም ያለ አባቷ የትም ሄዳ የማታውቅ ሴት የሆቴሉን ሰፊ አዳራሽ ብቻዋን አቋርጣ መግባት ከሥራዋ ሁሉ ከከበዷት ነገሮች አንዱ እንደነበር ገልጻለች። የ800 ዶላር ትእዛዝ ይዛ ወጣች። ይህን ድፍረት ከፈጠራው እኩል አደንቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ማሽኖቿ በምግብ ቤቶች ውስጥ ሲሠሩ ሕዝብ አያቸው፤ ሽልማትም አስገኙላት። ከዚያ በኋላ ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎችና ኮሌጆች ማሽኑን ገዙ።

ለቤት እመቤቶች ግን መሸጥ አልቻለችም። ዋጋው ለቤተሰብ ይከብዳል፤ ማሽኑ የሚፈልገው ብዙ የሞቀ ውኃም በአብዛኛው ቤት አይገኝም ነበር። ማሽኗ የጎደለው ነገር አልነበረም፤ ዝግጁ ያልነበሩት ቤቶቹ ናቸው።

ጆሴፊን እ.ኤ.አ. በ1913 በቺካጎ ዐረፈች። እ.ኤ.አ. በ1926 ሆባርት የተባለው ኩባንያ ማሽኖቹን የሚሠራውን ድርጅቷን ገዛ። በዚያው ኩባንያ ሥር የነበረው ኪችንኤይድ ለቤት የሚሆን የሳህን ማጠቢያ ማሽን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1949፣ እርሷ ከሞተች ከ36 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ የሞቀ ውኃ በቧንቧ የሚደርስባቸው ቤቶች በርክተው ነበር።