ክብ ነው ያላችሁት ነገር እውነት ክብ ነው?

(ለሜካኒካል ምህንድስና ተመራቂዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

የማወራችሁ ስለ ልኬት ነው። አውቃለሁ፣ ከመለካት ይልቅ ቶርኖ ላይ መቆም ያጓጓል። ቢሆንም አንድ ጥያቄ ላስቀድም።

ቀጭን ቀለበት ባለ ሦስት መንጋጋ መያዣ ላይ አጥብቃችሁ አሰራችሁ እንበል። ውስጡን በቶርኖ ቦረቦራችሁት። መያዣውን ስትፈቱት ብረቱ ወደ ቦታው ይመለስና ቀዳዳው ሦስት ቦታ ላይ ያብጣል። አሁን በሁለት ጫፍ በሚነካ መለኪያ ለኩት። በፈለጋችሁት በኩል ብታዞሩት ያው ቁጥር ነው። ሲኤምኤም በሚባለው፣ ዕቃን እየነካ በሚለካው ማሽን ላይ አስቀምጣችሁ እኩል በተራራቁ ሦስት ነጥቦች ብትነኩትም ምንም እንከን የሌለው ክብ ይላችኋል። በአራትስ? መሃሉ ትንሽ ፈቀቅ ይላል እንጂ አሁንም ክብ ነው! ቀዳዳው ይዋሻል፣ ማሽኑ ይመሰክርለታል።

መፍትሔው ዙሪያውን ሳያቋርጡ መዳሰስ ነው። ስካኒንግ የምንለው እሱን ነው።

ነጥብ በነጥብ መንካትን እየናቅኩ እንዳይመስላችሁ። የንክኪ ፕሮብን፣ ማለትም ዕቃውን ሲነካ የነጥቡን ቦታ የሚያስመዘግበውን መዳሰሻ፣ የፈለሰፉት ዴቪድ ማክመርትሪ እንግሊዝ አገር ሮልስ ሮይስ ውስጥ ሲሠሩ ነው። ለኮንኮርድ አውሮፕላን ኦሊምፐስ ሞተር ቀጫጭን የነዳጅ ቱቦዎችን በትክክል መለካት ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ከጆን ዲር ጋር ሬኒሾ የተባለውን የመለኪያ መሣሪያ ኩባንያ አቋቋሙ። ዛሬም በብዙ ወርክሾፕ ሥራው በዚያ ፕሮብ ነው የሚሄደው።

ወደ ስካኒንግ እንመለስ። በሦስት አቅጣጫ ብቻ በሚንቀሳቀስ ባለ ሦስት አክሲስ ማሽን ክብ ለመዳሰስ ፕሮቡን የተሸከመው ከባዱ ድልድይ ወዲህና ወዲያ መሄድ አለበት። ቶሎ ቶሎ አቅጣጫ ሲቀይር በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር ሺህኛ፣ ደረጃ ይጣመማል፣ ይርገበገባል። ስለዚህ ቀስ ማለት ግድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከጥቂት አስር ሚሊሜትር አያልፍም። እስክሪብቶ ይዛችሁ ሙሉ ክንዳችሁን ከትከሻ እያንቀሳቀሳችሁ ለመጻፍ ሞክሩ፤ እንደዚያ ነው። ባለ አምስት አክሲሱ ፕሮብ ሄድ፣ ማለትም ፕሮቡን ይዞ የሚዞረው ራስ፣ የእጅ አንጓውን ጨመረልን። ቀላሉ ሄድ በሁለት አቅጣጫ ይሽከረከራል፣ ድልድዩ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል፤ ወይ በቀጥታ መስመር ረጋ ብሎ ይጓዛል። የሬኒሾው ሬቮ ሄድ በሰከንድ እስከ 500 ሚሊሜትር ይዳስሳል።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ስታይለሱ፣ ዕቃውን የሚነካው ቀጭን ዘንግ፣ ነው። ረጅም ስታይለስ ሲነካ መታጠፉ አይቀርም፤ ድሮ ይሄ ራስ ምታት ነበር። እዚህ እንዲታጠፍ ተፈቀደለት። ስታይለሱ ባዶ ቱቦ ነው፤ በውስጡ የብርሃን ጨረር ወርዶ ጫፉ ላይ ካለች መስታወት ይመለሳል። ጫፉ በስንት እንደተዛነፈ ከጨረሩ ይታወቃል። በጣም ብልጥ ሐሳብ!

ቴስታታ፣ የሞተሩን ሲሊንደሮች ከላይ የሚከድነውን ክፍል፣ እንውሰድ። የቫልቭ መቀመጫው ጠባብ፣ ተዳፋት ቀለበት ነው። ትንሽ ከተዛባ ጋዝ ያፈስሳል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ዘመም ብለው ነው የተቆፈሩት። የተለመደው ፒኤች10 ሄድ በ7.5 ዲግሪ እየዘለለ ይዞራል፤ ለምትጠቀሙበት ለእያንዳንዱ ማዕዘን ፕሮቡን በማስተካከያ ኳሱ ላይ ማስተካከል አለባችሁ። ባለ አምስት አክሲሱ በፈለገው ማዕዘን ይገባና መቀመጫውን እየተጠማዘዘ ከላይ እስከ ታች ይዳስሰዋል። ሻጮች ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነው የሚያወሩት። በኔ እይታ ትልቁ ትርፍ ቅርጹን ማየታችን ነው። ፍጥነቱ ያንን በየዕቃው ለማድረግ አቅም ሰጠን፣ በቃ።

ለትንንሽና ቀላል ዕቃ ግን አትግዙት። ጥቂት ቀዳዳ ለመለካት የንክኪ ፕሮብ ይበቃል።

ሙቀትም አለ። የልኬት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ግማሽ ሜትር የሚረዝም የአሉሚኒየም ቴስታታ ከማሽን ወጥቶ 25 ዲግሪ ላይ ሳለ ብትለኩት፣ ወደ 57 ማይክሮን ረዝሞ ታገኙታላችሁ። አምስት አክሲስ ይህን አያድናችሁም። ዘይትና የብረት ፍርፋሪም እንደዚያው ነው፤ በፍጥነት ስትዳስሱ ፍርፋሪዋ ግራፉ ላይ ሹል ጫፍ ሆና ትወጣለች። ሶፍትዌሩ እንዲያጠፋት ከማዘዛችሁ በፊት ዕቃውን ጥረጉት። ብዙ ሰው የሶፍትዌሩን ማጣሪያ ያጠብቅና እውነተኛውን እንከን አብሮ ያጠፋዋል።

ነገ መሥሪያ ቤታችሁ ማሽን እንድትመርጡ ቢልካችሁ፣ ሻጩ ባመጣው የሚያብረቀርቅ ናሙና አትሸወዱ። የራሳችሁን ዕቃ፣ የሚያስቸግራችሁን፣ ይዛችሁ ሂዱ። አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በሙሉ ፍጥነት ያስለኩላችሁ። ከዚያ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ 90 ዲግሪ አዙሩና በድጋሚ አስለኩት። ያ እብጠት ከዕቃው ጋር ከዞረ የዕቃው ነው። በቦታው ከቀረ ግን የማሽኑ ነውና ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ምክንያቱን ያስረዷችሁ።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።