ሲቢሲያችሁ ስለ አከርካሪያችሁ ምን ይናገራል?

[ስክሪን ላይ፦ የላብራቶሪ ውጤት ወረቀት]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናወራው ስለ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ ነው። የአከርካሪና የዳሌ መገጣጠሚያዎች ብግነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ዓመት በፊት ይጀምራል። ጠዋት ወገብን ቀፍድዶ ይይዛል። ሲንቀሳቀሱ ይለቃል፣ ሲተኙ ይብሳል።

ይነሳል፣ ደግሞ ይበርዳል። ሐኪሙ ይህን የሚከታተለው በመጀመሪያ እናንተን በመጠየቅ ነው። ባስዳይ የሚባለው መጠይቅ 6 ጥያቄዎች አሉት። ውጤቱ ከ10፣ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ሕመሙ ተነስቷል ማለት ነው። ከደም ደግሞ ብግነትን የሚለኩት ሲአርፒና ኢኤስአር ይታያሉ። ግን ሕመሙ እያሠቃየው ሲአርፒው ኖርማል የሚሆን ሰው ብዙ ነው። ተመራማሪዎች ሲቢሲን፣ ማለትም ተራውን የደም ቆጠራ፣ ማገላበጥ የጀመሩት አንድም ለዚህ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ በየጤና ጣቢያውም ይሠራል።

[ስክሪን ላይ፦ ኒውትሮፊል 6.0፣ ሊምፎሳይት 1.5፣ ፕላትሌት 300]

እስቲ ይህን እንደ ምሳሌ እንየው። ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ ፕላትሌት ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነው። 6ን ለ1.5 ስናካፍል 4 ይመጣል። ይህ የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽር ነው። 300ን ለ1.5 ስናካፍል ደግሞ 200፤ ይህ የፕላትሌትና የሊምፎሳይት ንጽጽር ነው። ብግነት ሲነሳ ኒውትሮፊል ይበዛል፣ ሊምፎሳይት ወደ ታች ይላል። ኢንተርሊውኪን 6 የሚባለው ኬሚካል ጉበትን ስለሚቀሰቅስ ፕላትሌትም ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ከፍ ይላሉ።

አሁን ልብ በሉ፤ ለእኛ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በተፈጥሯቸው ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ያለ ነው። እስራኤል ባሉት ቤተ እስራኤላውያን ላይም ታይቷል። በዘር የሚወረስ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። በዚህ ሕመም ላይ እነዚህን ሁለት ንጽጽሮች ካዩት ጥናቶች ብዙዎቹ ግን ከቱርክና ከቻይና የመጡ ናቸው፤ ውጤታቸውም እርስ በርሱ አይስማማም። በእነሱ ልክ የተቆረጠ መነሻ ቁጥር ለእኛ ሰው ላይሆን ይችላል። ኒውትሮፊሉ ከድሮም 1.8 የነበረ ሰው፣ ብግነቱ ተነስቶበት እንኳ ቁጥሩ «ደህና» ሊመስል ይችላል። እኔ የምመክረው ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ሳይሆን፣ ደህና በነበራችሁበት ጊዜ ከተሠራ የራሳችሁ ሲቢሲ ጋር ማስተያየት ነው።

[ስክሪን ላይ፦ የአንድ ሰው ሦስት ውጤቶች ጎን ለጎን]

አሳሳች ነገሮችም አሉ። ብግነት የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ስትወስዱ ኒውትሮፊል ይወጣል፣ ሊምፎሳይት ይወርዳል፤ አከርካሪው ምንም ሳይሆን ማለት ነው። ቶንሲልም ሆነ የሳንባ ምች እንደዚሁ ያደርጋል። ወባ ፕላትሌትን ያወርዳል። በዚያ ሰሞን የተሠራ ሲቢሲ ስለ ወገባችሁ ብዙም አይነግራችሁም።

ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ። የድሮ ውጤቶቻችሁን አትጣሉ፤ ቀን በቀን ደርድራችሁ ለሐኪማችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ወገባችሁ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም እዚያው ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉበት።