ስሙን ተዪውና ፍሬኑን አሳዪኝ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሻዬን ይዤ ብቻዬን ተቀምጫለሁ።

የዛሬውን ወሬ ያመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ድምጿን ቀድታ ላከችልኝ። «እታለም፣ ማውንቴን ሳይክል ልገዛ ነው። የቱ ብራንድ ነው ጥሩ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ» ትላለች። መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻ አጠፋሁት። እኔም ከአራት ዓመት በፊት የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ስሙን ብቻ። የተሰጠኝም ስም ብቻ ነበር። ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም በአንድ ላይ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። አባዬ መምህር ነበር፤ ጥቁር ፊኒክስ ብስክሌት ነበረው። አግዳሚው ብረት ላይ ፎጣ ይጠቀልልና እኔን እዚያ ያስቀምጠኛል። መሪውን መሃል ላይ ይዤ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ማርሽ የሚባል ነገር አልነበረውም። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ማርሽ ምን ያደርግላታል? ካቴናው ሲወልቅ አባዬ ራሱ ይመልሰዋል። ከዚያ የባሰ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሠሪው ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ነው ያለው። አባዬ ስለ ብስክሌት ስም ሲያወራ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ይህ ትዝ ያለኝ ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

አዲስ አበባ ሌላ ነገር ናት። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እንጦጦ ጫፉ 3,200 ይደርሳል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከተከፈተ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እየወጣን በእግር እንሄድ ነበር። ባሕር ዛፉ ውስጥ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ሳይ ልቤ ተነሳ። በሦስተኛው ቅዳሜ ለመግዛት ወሰንኩ።

ሱቅ ሄድኩ። ዓይኔ ቀዩ ላይ አረፈ። ፊትም ኋላም ሞላ አለው። ጎማው ወፍራም ነው። ፍሬሙ ላይ ዓለም የሚያውቀው ስም በትልቁ ተጽፏል። «21 ማርሽ ነው» ተባልኩ። ሃያ አንድ! የአባዬ አንድ ብቻ ነበረው። ደስ እያለኝ ከፍዬ ወጣሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ስወጣ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። የራሴ ድካም መስሎኝ አዝኜ ነበር። አሁን ሳውቀው ጉዳዩ ሌላ ነው። ብስክሌቱ ወደ 18 ኪሎ ይመዝናል። ርካሽ የኋላ ሞላ ክብደት ይጨምራል፤ ሽቅብ ስትወጡ ደግሞ እግራችሁ የሚሰጠውን ጉልበት እየተወዛወዘ ይበላዋል። ማርሹም ሃያ አንድ ይሁን እንጂ ካቴናው የሚዞርበት ትንሹ የፊት ክብ 28 ጥርስ፣ ትልቁ የኋላ ክብም 28 ጥርስ ነበረው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ለእንጦጦ ይህ ከባድ ነው። አሁን የያዝኩት ፊቱ 22፣ ኋላው 34 ነው። ፔዳሉ አንዴ ዞሮ ጎማው ከሁለት ሦስተኛ ዙር አያልፍም። ቀስ እያልኩ እወጣለሁ፣ ግን እወጣለሁ። ስለዚህ ማርሹ ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁ። የትንሹን የፊት ክብና የትልቁን የኋላ ክብ ጥርስ ቁጠሩ። ፊቱ ላይ አንድ ክብ ብቻ ያላቸው አዳዲሶቹም ለዳገት ጥሩ ናቸው፣ ምክንያቱም የኋላቸው ትልቁ ክብ ከ50 ጥርስ በላይ ሊኖረው ይችላል።

የባሰው መውረዱ ነበር።

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን አስፋልት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ፍሬን ስጨብጥ እጀታው መሪው ድረስ ገባ። ብስክሌቱ ግን አልቆመም። ፊት ለፊቴ ሚኒባስ እየወጣ ነው። ወደ መንገዱ ዳር አፈሩ ላይ ሰድጄው ወደቅሁ። የግራ እጄ አንጓ ለሁለት ወር አልሠራልኝም። ያነሱኝ ከጫካ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ እናት ናቸው። ያን የሚያህል ሸክም ከጀርባቸው አውርደው «እሰይ፣ ተረፍሽ ልጄ» እያሉ ልብሴን አራገፉልኝ። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ወሰድኩት። ጋሼ እላቸዋለሁ። የብራንዱን ስም ጠርቼ «ጥሩ ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አልኳቸው። እሳቸው ሳያዩኝ «ልጄ፣ ስሙን ተዪውና ፍሬኑን አሳዪኝ» አሉ። ቀጥለው በጥፍራቸው የጽሑፉን ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ተላጠ! ከስሩ ሌላ ቀለም ወጣ። ብስክሌቱን ገልብጠው ፔዳሉ የሚዞርበትን ቦታ ከታች አሳዩኝ። ብዙ ጊዜ የፍሬሙ ቁጥር ብረቱ ላይ ተመትቶ የሚገኘው እዚያ ነው። የእኔ ባዶ ነበር። በጥሩ ፍሬም ላይ ስሙ ብዙውን ጊዜ ከላይ በሚያብለጨልጨው ቀለም ስር ስለሚሆን በጥፍር አይነሳም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ እነዚህን ሁለቱን ሳታዩ ብር አታውጡ።

አንጓዬ እስኪድን ቤት ስቀመጥ ማንበብ ጀመርኩ። የተራራ ብስክሌት ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ካሊፎርኒያ፣ ማሪን የሚባል አካባቢ፣ ታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ወጣቶቹ ከ1930ዎቹና ከ40ዎቹ የቀሩ ከባድ አሮጌ ብስክሌቶችን እየጠገኑ በአቧራ መንገድ ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። ፍሬናቸው የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ይይዛል። ቁልቁለቱ በጣም ስለሚያግለው ውስጡ ያለው ግራሶ እየጨሰ ያልቃል። ታች ሲደርሱ ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነው። ቁልቁለቱንም ሪፓክ አሉት፣ እንደገና መሙላት ማለት ነው። እዚያ ላይ በ1976 መወዳደር ጀመሩ። በማግስቱ ዓመት ከመካከላቸው ጆ ብሪዝ ለተራራ ብቻ ተብሎ የተሠራ ፍሬም ገጣጠመ። በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስተምፕጃምፐር የሚባል የተራራ ብስክሌት በብዛት አምርቶ ገበያ አወጣ።

ይህን ሳነብ እጄ በፋሻ ታስሮ ነበር። የስፖርቱ ጅማሬ ራሱ የፍሬን ታሪክ መሆኑ አስገረመኝ። ብራንድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከስሙ ጀርባ ማን እንዳለ ማየትም ዓይን ይከፍታል። ጃያንት የሚባለው የብስክሌት ፋብሪካ በፈረንጆቹ 1972 ታይዋን ውስጥ ሲቋቋም በራሱ ስም አልነበረም የሚታወቀው። ለሌሎች ብራንዶች፣ በኋላም ለአሜሪካው ሽዊን ይሠራ ነበር። ሜሪዳም እዚያው ታይዋን በዚያው ዓመት ተቋቋመ፤ ከስፔሻላይዝድም ትልቅ ድርሻ የእሱ ነው። አንዱን ስም ከሌላው አስበልጦ መሟገት ብዙ ትርጉም እንደሌለው የገባኝ ያኔ ነው። የእኛው ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንጆቹ 2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን በሜሪዳ ነበር የነዳው። ከዚያ በኋላ በትሬክ፣ ከዚያም በስኮት ነዳ። የእሱ የአስፋልት ብስክሌት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቡድን በቀየረ ቁጥር ብስክሌቱም ይቀየራል፤ እግሩ ግን ያው የእሱ እግር ነው።

እሺ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ስም ካልነገርኩሽ አትለቂኝም። ጃያንት፣ ትሬክ፣ ስፔሻላይዝድ፣ ሜሪዳ፣ ስኮት፣ ኪዩብ። ከእነዚህ እውነተኛውን ካገኘሽ በየትኛውም አልከፋም። ለጀማሪ የሚሠሯቸው ጃያንት ታሎን፣ ትሬክ ማርሊን፣ ስፔሻላይዝድ ሮክሆፐር የሚባሉት ሁሉም የፊት ሞላ ብቻ ያላቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ብስክሌት የኋላ ሞላ አትፈልጊ። በዝቅተኛ ዋጋ ጥሩ የኋላ ሞላ አይገኝም። ለእሱ የወጣው ገንዘብ ከፍሬኑና ከማርሹ ተቀንሶ ነው።

እነዚህ ስሞች ውስጥም ቢሆን ቁጥሩን እዪ። ማርሊን 4 ፍሬኑ በሽቦ የሚሳብ ዲስክ ነው። ማርሊን 5 የዘይት ነው፣ በሽቦ ፈንታ ቱቦ ውስጥ ያለ ዘይት ነው የሚገፋው። ስሙ አንድ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ግን በጣም ይለያያሉ። የሽቦው ሲላላ ማጥበቅ ይፈልጋል። የዘይቱን በሁለት ጣት ትይዢዋለሽ፣ የፍሬን ሸራው ሲሳሳም ራሱን ያስተካክላል። እኔ ለእንጦጦ የዘይቱን ነው የምመርጠው፣ በዚህ አልደራደርም።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። የሺማኖ ፍሬን የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት ከገባበት ውስጡ ያለው ጎማ ያብጥና ፍሬኑ ይበላሻል። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ሊሞላላችሁ የሚል ሰው ካለ፣ በትህትና ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሺማኖ ካልኩ ዘንዳ፣ የጃፓን ፋብሪካ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1921 ጀምሮ ያለ። ብስክሌት አይሠራም፤ የሚሠራው ማርሽና ፍሬን ነው። ለተራራ የሚሠራቸው ማርሾች ለብዙ ዓመታት ደረጃቸው ከታች ወደ ላይ ቱርኒ፣ አልተስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ ዲኦሬ እያለ ነው የሄደው። ከዲኦሬ በላይ ያለው ለእኛ ለጀማሪዎች አያስፈልግም። ሻጮች የሚያደርጉትን ግን ልብ በሉ። ዓይን የሚያርፍበት የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ላይ ጥሩውን ይሰቅሉና ሌላውን ሁሉ ርካሽ ያደርጉታል። ጎንበስ ብላችሁ ሁሉንም አንብቡ።

ልክ ደግሞ አለ። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። በአንዱ ብራንድ ትንሹ ልክ ይሆነኛል፣ በሌላው መካከለኛው። ያ ቀዩ ትልቅ ነበር፤ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አግዳሚውን በእግራችሁ መሃል አድርጋችሁ መሬት ቁሙ። በብረቱና በእናንተ መካከል ጥቂት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ የእናንተ አይደለም። የፈለገ ቢያምርም።

ወደ ጎማው ልምጣ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ሦስት ልክ አለ፤ 26፣ 27 ተኩል እና 29። ዛሬ አዲስ የሚወጡት ጥሩ ጥሩዎቹ ባብዛኛው 29 ናቸው፤ ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ቀለል ብሎ ያልፋል። እኔ ባለሁበት ሰፈር ግን የ26 ከመነዳሪ እንደ ልብ ነው፣ የ29 ፍለጋ ያስወጣል። ጋሼ አንድ ዘዴ ነገሩኝ። የ29 ቸርኬና የአስፋልት ብስክሌት ቸርኬ ዲያሜትራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም 622 ሚሊሜትር ናቸው። ስለዚህ ሲቸግር የአስፋልቱ ከመነዳሪ ቤት ያደርሳል። 27 ተኩሉ ግን ከተለመደው የአስፋልት ብስክሌት ጋር እንዲህ አይዛመድም።

ቫልቩንም እዩ። በተራራ ብስክሌት ላይ ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። ወፍራሙ የመኪና ዓይነት ነው፣ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋዋል። ቀጭኑ አናቱ ላይ የሚፈታ ትንሽ ብሎን ያለው ነው። ይህኛው የጎሚስታው ቱቦ ላይ አይገባም። አንድ ቀን ሦስት ጎሚስታ ዞሬ ያለ ነፋስ ቤቴ ገብቻለሁ። የጣት ጫፍ የምታህል የነሐስ ማስገቢያ አለች፣ ቀጭኑን ወፍራም የምታደርግ። ከቤት ቁልፌ ጋር አስሬያታለሁ።

አሁን የምነዳው ያገለገለ ሜሪዳ ነው። ቀለሙ ግራጫ ነው፣ አንድ ቦታ ተጭሯል። ጋሼ ናቸው የመረጡልኝ። ሁለት ሌሎች ወስጄላቸው ነበር፤ አንዱን ስሙ ትልቅ ሆኖ ሳለ እምቢ አሉ። «ይሄን ብትገዢ ዕቃውን ከየት አመጣልሻለሁ?» ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው። ወንድሜ ከዱባይ አዲስ ልላክልሽ ሲለኝም መጀመሪያ የጠየቅሁት እሳቸውን ነው። ዕቃ የማይገኝለት ብስክሌት አንድ ነገር በተሰበረ ቀን በረንዳ ላይ ይቀራል። አባዬ ፊኒክሱን ለዓመታት የነዳው እኮ ሠሪው ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ስለነበር ነው።

የአክስቴ ልጅ ትናንት ማታ ፎቶ ልካልኛለች። ያገለገለ ታሎን ነው፣ ሰማያዊ። ከስር ገልብጣ አንስታዋለች፣ ቁጥሩ አለ። ስሙን በጥፍሯ ሞክራዋለች፣ አልተላጠም። ልኩ ትንሽ የሚሰፋት ይመስላል፣ ቆማ ማየት አለባት። ቫልቩ ፎቶው ላይ አይታይም። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄደን እናየዋለን፣ ሻጩ ከፈቀደ ደግሞ ለጋሼ እናሳያቸዋለን።

ደህና እደሩ።