ታሮት ለጀማሪ፦ መጀመሪያ ሥዕሉን እዩ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ አንድ ካርድ ብቻ። ከጀርባ የስኒ ኳኳታ ይሰማል።]

ምንም ከመናገሬ በፊት ይህን ካርድ እዩት።

አንድ ሰው አለ። አሥር ረጃጅም በትሮች አቅፎ ተሸክሟል። ጎብጧል። ፊቱ እንጨቱ ውስጥ ተቀብሯል፤ መንገዱ የሚታየው አይመስልም። ራቅ ብሎ ደግሞ ቤቶች አሉ።

ደሴ ያደገ ሰው ይህን ሥዕል ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ባሕር ዛፍ ተሸክመው ቁልቁል ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶችን አይቷል። አንገታቸውን ቀና አያደርጉም። ሰላም ስትሏቸው ከእንጨቱ ሥር ነው ድምፃቸው የሚመጣው።

አሁን ጠይቁ። ይህን ሰው ማን አሸከመው? ሁሉንም በአንድ ጊዜ መያዝ ነበረበት? ቤቱ ሊደርስ ነው ወይስ ገና ነው?

ይህን ከጠየቃችሁ ታሮት ማንበብ ጀምራችኋል። ታሮት ብዙ ሰው ዕጣ ፈንታ ይነበብባቸዋል የሚላቸው 78 ባለሥዕል ካርዶች ናቸው። የካርዱ ስም አሥር በትር ነው። መጽሐፍ ብታገላብጡ «ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም» ይላል። እናንተ ያለ መጽሐፍ ደረሳችሁበት።

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ናችሁ? ደህና ናችሁ? ይህን የምቀርጸው ደሴ፣ እቤታችን ሳሎን ውስጥ ነው። ዛሬ ታሮትን ከዜሮ እንጀምራለን። እኔ ስጀምር የ78ቱን ካርዶች ትርጉም እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ልሸመድድ ሞክሬ ነበር። አልያዘልኝም። ስለዚህ እናንተን በሌላ በር አስገባችኋለሁ።

[ምስል፦ ካርዶቹ በአራት ረድፍ ይደረደራሉ።]

ታሮት መጀመሪያ የጨዋታ ካርታ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የመጣውም ከሙስሊሙ ዓለም ነው። ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ ግብፅን ይገዙ በነበሩት ማምሉኮች ዘመን የተሠራ ካርታ ዛሬም ተቀምጧል። ዋንጫ፣ ሳንቲም፣ ጎራዴና የፖሎ ዱላ አለበት። የፖሎው ዱላ ጣሊያን ሲደርስ በትር ሆነ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን ጣሊያን መኳንንት ሌሎቹን የሚያሸንፉ ባለሥዕል ካርዶች ጨመሩበት። ታሮት እንዲህ ተወለደ። ሰዎች ለመቶዎች ዓመታት ተጫወቱበት፤ ዛሬም ፈረንሳይ ውስጥ የሚጫወቱት አሉ።

እና ምሥጢሩ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ዤብላን የሚባል ፈረንሳዊ «ይህ የጥንት ግብፅ ካህናት የሰወሩት ጥበብ ነው» ብሎ ጻፈ። ማስረጃ አልነበረውም። የግብፅ ጥንታዊ ጽሑፍ እንኳ ገና አልተነበበም ነበር፤ ሻምፖሊዮን የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር የፈታው በ1822 ነው። ወሬው ግን ሄደ። እስከ ዛሬ በየቪዲዮው «የፈርዖኖች ምሥጢር» ሲባል ትሰማላችሁ። አትቀበሉት።

አሁን ስሟን እንድትይዙልኝ የምፈልጋት ሴት አለች። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ። በ1909 ለንደን ላይ አርተር ዌይት የሚባል ጸሐፊ ካርዶቹን እንድትሥል አዘዛት። እሷም ሣለች። ከእሷ በፊት ቁጥር ያላቸው ካርዶች በአብዛኛው እንደ ተራ ካርታ ነበሩ። አምስት ዋንጫ ከሆነ አምስት ዋንጫ ተሥሎ ያበቃል። እሷ ግን በአብዛኞቹ ካርዶች ላይ ሰው አስገባች። ሰው ያለቅሳል፣ ሰው ይሸከማል፣ ሰው ይጨፍራል። ለአንድ ወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ብዙ ሥራ በጣም በትንሽ ገንዘብ መሥራቷን ነግራዋለች። ካርዱ ለረጅም ዘመን የተጠራው በአሳታሚውና በዌይት ስም ነው፤ ራይደር ዌይት እየተባለ። እሷ በ1951 በድህነት ሞተች። ይህ ያሳዝነኛል። ካርዶቹን ስትገዙ ጥግ ላይ የተጠላለፉ ፊደሎች ታያላችሁ። የእሷ ፊርማ ናቸው። ዛሬ ብዙ ሰው ስሟን ጨምሮ ራይደር ዌይት ስሚዝ ይላል፤ እናንተም እንደዚያ በሉ።

ለጀማሪ የምመክረው የእሷን ካርድ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የሚታይ ነገር አለው።

[ምስል፦ ረከቦት፣ ስኒዎች፣ ቄጤማ።]

ካርዱን ይዤ ቤት የገባሁ ቀን አክስቴ ቡና እያፈላች ነበር። «ልጄ፣ የጥንቆላ ዕቃ ቤቴ እንዳታስገቢ» አለችኝ። አልቀለደችም።

ልክ ናት። እኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ጥንቆላን ይከለክላል። ቁርኣን፣ ሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 90 በአዝላም፣ ማለትም በቀስት፣ ዕጣ ማውጣትን ይከለክላል። በሌላ በኩል ወሎ ውስጥ ጠጠር ጣይ፣ ሞራ ገላጭ፣ ስኒ አንባቢ የማያውቅ ሰው የለም። የከተማችን ስም ራሱ ከምልክት ጋር ይያያዛል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ታይቶ፣ ተደንቀው «ደሴ»፣ ደስታዬ አሉ ይባላል።

ስለዚህ አቋሜን ግልጽ ላድርገው። ታሮት ነገን አይነግረኝም። ነገን የሚያውቅ ካርቶን የለም። እኔ የምጠቀምበት ስለ ራሴ ለማሰብና ከሰው ጋር ለመነጋገር ነው። ሃይማኖታችሁ ይህንንም አልፈቅድም ካለ ተዉት። አልከራከርም፤ አክብሬ ነው የምላችሁ።

ለአክስቴም ይህንኑ ነገርኳት። ዝም አለች። ቶናው ላይ ስንደርስ ግን አንዱን ካርድ በጣቷ ወደ ራሷ ሳበችው። ሦስት ሴቶች ዋንጫ አንስተው ይጨፍራሉ። እግራቸው ሥር ዱባና ፍራፍሬ አለ። «እነዚህማ ምርት ገብቶላቸዋል» አለች። «የተጣላም ታርቋል። ይሄ የቡና ሰዓት ነው።»

ሦስት ዋንጫ ነበር። መጻሕፍቱ ወዳጅነት፣ ደስታ፣ የሞላ ቤት ይሉታል። አክስቴ ታሮት አላነበበችም፤ ብትጠይቋትም አላነበብኩም ትላለች። ሥዕል ነው ያየችው። እኔ ከወር በላይ የፈጀብኝን እሷ በአንድ ስኒ ጨረሰችው።

[ምስል፦ አራቱ ቤቶች ጎን ለጎን።]

አሁን አደረጃጀቱን እንይ። 78ቱ ካርዶች ለሁለት ይከፈላሉ። 56ቱ ትንንሾቹ፣ 22ቱ ትልልቆቹ ናቸው። ትንንሾቹ በአራት ቤት የተመደቡ ናቸው፤ በየቤቱ 14።

ዋንጫ ልብ ነው። ፍቅር፣ ሐዘን፣ ናፍቆት። በትር ፍላጎትና ሥራ ነው፤ እሳት የሚያስነሳው። ሳንቲም ገንዘብ፣ አካል፣ ቤት፣ እጅ የሚነካው ሁሉ ነው።

ጎራዴው ላይ ትንሽ ልቆይ። ጀማሪን የሚያስፈራው እሱ ነው። በሦስቱ ጎራዴ ላይ ልብ በሦስት ስለት ተወግቶ ዝናብ ይዘንባል። በዘጠኙ ላይ አንድ ሰው ሌሊት አልጋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። ግን ጎራዴ ጦርነት አይደለም። ሐሳብና ቃል ነው። እኛ «ምላስ አጥንት ባይኖረውም አጥንት ይሰብራል» እንላለን አይደል? ይኸው ነው። የዘጠኙን ጎራዴ ሰው ደግማችሁ እዩት። ጎራዴዎቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱም አልነካውም። እንቅልፍ የነሳው የሚያስበው ነገር ነው። ለፈተና ስታጠኑ፣ ወይ ከምትወዱት ሰው ስልክ ስትጠብቁ ሌሊቱ የማይነጋበት ጊዜ አለ። ይህ ካርድ እሱ ነው።

ቁጥሮቹም ይረዷችኋል። አንድ መጀመሪያ ነው፤ አሥር ሙላት። አምስት በአራቱም ቤት ችግር ነው። በበትር ይደባደባሉ። በጎራዴ አንዱ አሸንፎ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። በሳንቲም ሁለት ድሆች በበረዶ ውስጥ መብራት በበራበት የቤተ ክርስቲያን መስኮት ሥር ያልፋሉ። የዋንጫውን መጨረሻ ላይ አብረን እናየዋለን።

በየቤቱ አሽከር፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥትና ንጉሥ አሉ። ድምራቸው 16 ነው። ለጀማሪ ከባድ ናቸውና የመጀመሪያውን ወር አውጥታችሁ አስቀምጧቸው።

[ምስል፦ ከትልልቆቹ ሦስት ካርዶች፤ ሞኙ፣ ባሕታዊው፣ ሞት።]

22ቱ ትልልቆቹ ከ0 እስከ 21 ተቆጥረዋል። ዜሮው ሞኙ ነው፤ ጓዙን በዱላ ሰቅሎ፣ ቀና ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ይራመዳል። ዘጠነኛው ፋኖስ የያዘ ሽማግሌ ነው። ተራራ ላይ ብቻውን ቆሟል። እኛ ባሕታዊ የምንለው ሰው ነው። ብዙም ማብራሪያ አይፈልግም።

13ኛው ሞት ነው። ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ቀስ ብላችሁ እዩት። አጽም በነጭ ፈረስ ተቀምጧል። ንጉሡ ወድቋል። ጳጳሱ ይለምናል። አንድ ሕፃን ግን ተንበርክኮ ቀና ብሎ ያየዋል። ከጀርባቸው በሁለት ግንቦች መሀል ፀሐይ አለች። ሥዕሉ የሚለው አንድ ነገር ማብቃቱን ነው፤ ለንጉሥም ለልጅም የማይቀር መሆኑን።

ደግሞ ሒሳብ አለ። ከ78 ካርድ በየቀኑ ሦስት ብታወጡ፣ ይህ ካርድ የመውጣት ዕድሉ ከ26 አንድ ነው። በወር አንዴ ያህል ይመጣል ማለት ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። አብሽሩ።

[ምስል፦ ማተሚያ፣ መቀስ፣ ደብተር።]

ካርዱን ከየት እናግኝ ለምትሉኝ። የፓሜላ ሥዕሎች ዛሬ በብዙ አገር የሕዝብ ናቸው፤ የቅጂ መብታቸው አብቅቷል። የ1909ኙን ምስል አውርዳችሁ ወፍራም ወረቀት ላይ አሳትሙት። ትንሽ አሳንሳችሁ አንድ ኤ4 ላይ 6 ካርድ ይገባል። 13 ወረቀት ይበቃል ማለት ነው። ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂዱ።

ከዚያ ደብተር ያዙ። ጠዋት አንድ ካርድ አውጡ። የምታዩትን ብቻ ጻፉ፤ ማን አለ፣ ወዴት ያያል፣ እጁ ምን ይዟል፣ ሰማዩ ምን ይመስላል። መጽሐፍ አትክፈቱ። ማታ መጽሐፉን ከፍታችሁ አስተያዩ። ተገልብጦ የወጣ ካርድ ካለ አቅኑት፤ የተገለበጠ ትርጉም ለኋላ ነው። አሥር ካርድ የሚደረደርበትን የኬልት መስቀል የሚባለውንም አትንኩ።

ወር ሲሞላችሁ ሦስት ካርድ ጎን ለጎን አድርጉ። ሦስት ካርድ በቅደም ተከተል ሲወጣ 456,456 ዓይነት አቀማመጥ ይኖራል። ይህን ሁሉ መሸምደድ አይቻልም። አንዱ ሰው ወደ ግራ ያያል፣ ቀጥሎ ያለው ጀርባውን ሰጥቶታል፣ ሦስተኛው ይጨፍራል። እነሱን አንድ ታሪክ አድርጋችሁ ተርኩ። ተረት ሰምቶ ያደገ ሰው ይችለዋል።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

[ምስል፦ ስድስት ጎራዴ።]

የጎረቤታችን ልጅ መጣች። ዐረብ አገር ልትሄድ አስባለች። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችኝ። አንድ ካርድ አወጣሁ። ጀልባ። አንዲት ሴት ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ልጅ ከጎኗ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ይቀዝፋል። ስድስት ጎራዴዎች ጀልባው ላይ ተተክለዋል። እኔም ፈጥኜ «መንገድ አለሽ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን እናቷ መጡ። «ካርታሽ ሂጂ ብሏታል አሉ?» አሉኝ። ቁመው ነው የጠየቁኝ፤ አልቀመጥም ብለው።

መልስ አጣሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር አንብቤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎች «የየራሳችሁ ባሕርይ መግለጫ» ብሎ ጽሑፍ ሰጣቸው። ከአምስት ነጥብ በአማካይ 4.26 ሰጡት፤ እኔን ይገልጻል ብለው። የሁሉም ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር። ሰው የተነገረውን ወደ ራሱ ያመጣል። ይህን እያወቅሁ «መንገድ አለሽ» አልኩ። ልጅቷ ያን ቃል ይዛ ቤቷ ገባች።

እናቷን ለመንኳቸው፣ ተቀመጡ። ልጅቷም መጣች። ቡና ተፈላ። ያንኑ ካርድ መሀል አስቀመጥኩና ትርጉም ሳልናገር ጠየቅሁ። የሚቀዝፈው ማነው? አንቺ ነሽ፣ ደላላው ነው፣ ወይስ ሌላ ሰው? ጎራዴዎቹ ምንድን ናቸው? ይዘሻቸው ነው የምትሻገሪው? በቀኝ ያለው ውኃ ይናወጣል፣ ከፊት ያለው ጸጥ ብሏል፤ ለምን ይመስልሻል?

ልጅቷ ጎራዴዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። አንዱ ዕዳ ነው አለች። አንዱ የወንድሟ ትምህርት። አራተኛው ላይ ስትደርስ እናቷ ማልቀስ ጀመሩ፤ ያን አያውቁም ነበር። ወደ ማታ ድረስ አወሩ። እኔ እሳቱን ብቻ ነበር የማያው። የወሰነችው የእሷ ነው፤ እዚህ አልናገረውም።

ከዚያ ወዲህ ለማንም «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» አላልኩም። የታመመ ሰው ከመጣ ሐኪም ቤት ሂድ እላለሁ፤ ካርድ አላወጣም። የሌለ ሰው ምሥጢር ከተጠየቅሁ ካርዱን እሰበስባለሁ። ገንዘብም አልቀበልም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ቃል የገባሁትን አምስት ዋንጫ አመጣሁ። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከፊቱ የተደፉ ዋንጫዎች አሉ። ከወንዙ ማዶ ቤት ይታያል፤ ድልድይም አለ።

እሱ የሚያያቸውን ዋንጫዎች ቁጠሩ። ከዚያ እሱ የማያያቸውን ቁጠሩ። ወረቀት ላይ ጻፉት።

[ምስል፦ ካርዱ ለ30 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ድምፅ የለም።]