ፖቶማክን ስትሻገሩ የሚለወጠው ሕግ፦ ልጅን ቤት ማስተማር በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ

[ምስል፦ ድልድዩ ከሩቅ፣ ከሥሩ ወንዙ]

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እናት ልጇን ቤት ታስተምራለች እንበል። ዓመቱን ሙሉ የሠራባቸውን ደብተሮች፣ የሣላቸውን ሥዕሎች፣ ያነበባቸውን መጻሕፍት ዝርዝር በክላሰር ስታስቀምጥ ቆየች። ከዚያ ኪራይ ጨመረባትና የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ገባች። ዕቃዋን ያጓጓዘችው በአንድ ቀን ነው። ክላሰሩን ግን አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሚጠይቃት የለም፤ የሚጠብቃት ሌላ ወረቀትና ሌላ ቀነ ገደብ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ልጅን ቤት ማስተማር፣ ሆምስኩል የምንለው፣ በ50ዎቹም ስቴቶች ሕጋዊ ነው። ነገር ግን አገር አቀፍ የሆነ አንድ ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን አውጥቷል። ስለዚህ ዳላስ ያለች እህታችሁ በስልክ የነገረቻችሁ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። ቴክሳስ ውስጥ ከቤት የሚማር ልጅ እንደ ግል ትምህርት ቤት ተማሪ ይቆጠራል፤ ከመጀመሪያው ቤት ለሚማር ልጅ ወላጅ ለመንግሥት የሚያስገባው ማሳወቂያ የለም። ይህን ሰምቶ ቨርጂኒያ ውስጥ ዝም ብሎ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረ ወላጅ፣ ከትምህርት ገበታ በመቅረት የሚመጣ የክስ ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የሚያስፈራን ትምህርቱ አይደለም፤ ቢሮው ነው። ቢሮው የሚጠይቀውን ስታዩት ግን ከፈራችሁት ያነሰ ነው።

[ጽሑፍ በስክሪን፦ ቨርጂኒያ፣ ኦገስት 15]

ከቨርጂኒያ እንጀምር። በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንት የሚባለውን ደብዳቤ ለአካባቢያችሁ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ትልካላችሁ። ይህ ደብዳቤ ማሳወቂያ ነው፤ የፈቃድ ማመልከቻ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ቢሮው “እሺ” እስኪል ይጠብቃሉ፣ ወይም የዓመቱን ዕቅድ አሥር ገጽ ጽፈው ያስገባሉ። ሕጉ ስለ ትምህርቱ የሚጠይቀው ልጁ በዓመቱ የሚማራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ብቻ ነው። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ልጃችሁን ፊደል ካስቆጠራችሁ አማርኛንም ጨምሩ።

ከዝርዝሩ ጋር ለማስተማር ብቁ መሆናችሁን የሚያሳይ አንድ ነገር ይያያዛል። አራት መንገዶች አሉ፤ አንዱ ይበቃል። የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም ከዚያ በላይ፤ የመምህርነት ብቃት፤ ልጁ የሚከተለው የተዘጋጀ የትምህርት ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በርቀት ወይም በኦንላይን የሚሰጥ፤ ወይም በቂ ትምህርት መስጠት እንደምትችሉ የሚያሳይ ማስረጃ። ዲፕሎማው አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ዘመድ ቤት ሳጥን ውስጥ የቀረባችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሦስተኛው መንገድ ክፍት ነው።

በዓመቱ መሃል ልጁን ማስወጣት የፈለገ ወይም ከሌላ ስቴት የመጣ ኦገስትን አይጠብቅም። ወዲያውኑ ያሳውቅና የቀረውን በ30 ቀን ውስጥ ያሟላል። የእኛዋ እናት ያለችው እዚህ ላይ ነው።

ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ኦገስት 1 የልጁን መሻሻል ማሳየት ይመጣል። በአገር አቀፍ ደረጃ የተመዘነ ፈተና ይወስድና አራተኛው ስታናይን ላይ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ማለትም ከ100 ተፈታኞች 23ቱን ያህል መብለጥ ነው። ፈተና የሚያስጨንቀው ልጅ ካላችሁ፣ የማስተማር ፈቃድ ያለው ወይም ማስተርስ ያለው ሰው ልጁን አይቶ የሚጽፈው የግምገማ ደብዳቤም ሊቀርብ ይችላል። እኔ ለትንንሾቹ ደብዳቤውን እመርጣለሁ። ልጁን ቁጭ ብሎ ያነጋገረ ሰው የሚጽፈው ከአንድ ነጥብ የበለጠ ይናገራል። ማስረጃው ባይሟላም ወዲያው ትምህርቱ አይቆምም፤ የአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ክላሰር]

ሜሪላንድ ዲፕሎማም፣ ፈተናም አይጠይቅም። ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ቅጽ ትሞላላችሁ፤ ከዚያ ስምንት ትምህርቶችን በቋሚነት ታስተምራላችሁ፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት። ሌላ ትምህርት መጨመር በእናንተ ውሳኔ ነው። ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ፖርትፎሊዮውን፣ ማለትም የልጁ ሥራዎች የተሰበሰቡበትን ክላሰር፣ ሊያይ ይችላል። ጉድለት ካገኘ ለማስተካከል 30 ቀን ይሰጣችኋል። ካውንቲው እንዲያያችሁ ካልፈለጋችሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በተፈቀደለት የግል ትምህርት ቤት ሥር ሆናችሁ፣ አምብሬላ በሚሉት መንገድ፣ እነሱ ይከታተሏችኋል።

ምክሬ ይህ ነው፦ በየዓርቡ ከየትምህርቱ አንዳንድ ወረቀት መርጣችሁ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ። ግምገማው ሲቃረብ በአንድ ሌሊት የተሞላ ክላሰር ያስታውቃል።

ዲሲ በሁለቱ መካከል ነው። ማሳወቂያው ከመጀመራችሁ 15 የሥራ ቀን በፊት ይገባል፣ ከወላጅ ዲፕሎማ ወይም አቻው ይጠየቃል፣ ፖርትፎሊዮም ይያዛል። አንድ የማታውቁት መብት ግን አለ። በ2004 በወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የከተማዋን ቢሮ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ ትችላላችሁ። ልጃችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዲያስተረጉም አታድርጉት።

[ጽሑፍ በስክሪን፦ ምን ድጋፍ አለ?]

ስለ ገንዘብ ግልጽ ልሁን። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቤት ለሚያስተምር ወላጅ የሚከፍሉት ገንዘብ የለም። እንደ አሪዞና ያሉ ስቴቶች ለልጁ ትምህርት የሚወጣ የመንግሥት ገንዘብ በሒሳብ ያስቀምጣሉ፤ ነገር ግን ገንዘቡን የወሰደ ቤተሰብ በሕግ ፊት ሆምስኩል መባሉ ይቀርና በሌላ ደንብ ይተዳደራል። ሌላ ስቴት ያላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ገንዘብ ያልሆነው ድጋፍ ግን ብዙ ነው። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ዋናው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ፈተና) እና ፒኤስኤቲ (ለኮሌጅ መግቢያው ኤስኤቲ መለማመጃ) የሚባሉትን ፈተናዎች ቤት ለሚማሩ ልጆችም እንዲያመቻቹ ሕጉ ያዛል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የልዩ ድጋፍ ጉዳይ ነው። ንግግሩ የዘገየ፣ ማንበብ ያቃተው፣ ኦቲዝም የምትጠረጥሩበት ልጅ ካለ፣ ቤት ቢማርም ግምገማ ጠይቁ። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉት። የፌዴራሉ ሕግ የልጁ ምርመራም፣ ለወላጅ የሚሰጠው ማስታወቂያም በሚገባቸው ቋንቋ እንዲሆን ያዛል፤ ፍጹም የማይቻል ካልሆነ በቀር። ከምርመራው በኋላ የሚሰጠው አገልግሎት ግን እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ከማስወጣታችሁ በፊት የቱ እንደሚቀጥልና የቱ እንደሚቋረጥ ጠይቃችሁ ተረዱ።

የላካችሁትን ሁሉ ቅጂ ያዙ፤ ደብዳቤውን የተቀባይ ፊርማ በሚመለስበት ፖስታ ላኩ። ልጁ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ የውጤት ዝርዝሩን የምታዘጋጁት እናንተው ናችሁ፤ ስቴቱ ዲፕሎማ አይሰጠውም። የስቴቱን ሕግ ተከትሎ ቤት የጨረሰ ልጅ ለኮሌጅ የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከት ይችላል። ያን ቀን ኮሌጁ “በምን ሕግ ተማረ?” ቢላችሁ፣ የየዓመቱ ደብዳቤ ቅጂ እጃችሁ ላይ ይኑር።